አንድ እጅጌ የቀረው ሹራብ

በቤትም በሠፈርም ሁሉም ሰው «እታለም» እያለ የሚጠራቸው ውድ እህታችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከቤት እመቤት እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ስለነበሩ ታናናሾቻቸውን አዝለው አሳድገዋል። ይህን የምጽፈው እኔ የመጨረሻዋ እህታቸውም ዓለምን መጀመሪያ ያየሁት ከጀርባቸው ላይ ሆኜ ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከቤታቸው አቅራቢያ በሚገኘው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ሁለተኛ ደረጃ ተምረዋል። ሹራብ መሥራት የለመዱት ግን ከጎረቤት ነው፤ መሥሪያውንም አባታቸው ከብስክሌት ጎማ ሽቦ አሹለው ሰጧቸው። በ1968 ዓ.ም. በሹራብ ፋብሪካ ተቀጥረው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በጥራት ተቆጣጣሪነት አገልግለዋል። አንዲት ክር ያመለጠች እንደሆነ ሹራቡን ወደመጣበት ይመልሱ ስለነበር ሠራተኞቹ ሲያዩዋቸው መግቢያ ይጠፋቸው ነበር። በ1973 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሹፌሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። ትልቋ ነርስ፣ ትንሿ መምህርት ናት።

በዓል ሲቃረብ ያ ኮስታራ ፊት ከፋብሪካው በር አያልፍም። እታለም ሶፋው ጥግ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ለእያንዳንዳችን ስጦታ ይሠራሉ። ስጦታው ምስጢር ነው ስለሚባል በር ላይ ሳይስሉ መግባት ክልክል ነበር። ሳል ሲሰሙ ሥራውን ትራስ ሥር ይሸጉጣሉ፤ እኛም የትራሱን እብጠት እንዳላየን እናልፋለን። ባለቤታቸውማ ከአውቶቡሱ ሳይወርዱ መሳል ይጀምራሉ እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። በዚያ ሰሞን እንደዚያ ቤት የሚሞቅ ቤት አላውቅም። አሁን ሳንስል እንገባለን።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ ሕመሙ ጸናባቸው። በዓሉን ላይደርሱ እንደሚችሉ ሲረዱ ሁሉን ትተው የባለቤታቸውን ሹራብ ጀመሩ፤ በገዛ እጃቸው ሳያለብሷቸው መሄድ አልፈለጉም። እጃቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበርና ሥራው ይጣመም ጀመር። እንቅልፍ ሲወስዳቸው ትንሿ ልጃቸው ልታግዝ ጥቂት ረድፍ ትጨምራለች፤ ትልቋ ደግሞ የእናቷ ስህተት እየመሰላት የእህቷንም የእናቷንም ትፈታለች። አንዷ የሌላዋን አታውቅም። እታለም ሲነቁ ሥራውን ትናንት ከነበረበት ያገኙታል። «አእምሮዬ ሊከዳኝ ነው መሰለኝ፤ ስሠራ ውዬ አያድግም» ብለው ትከሻዬ ላይ አለቀሱ።

ጉዱ የወጣው አንዷ ስትፈታ ሌላዋ ደርሳ ስትጮህ ነው። እታለም ይህን ሲሰሙ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ሳቁ። ከዚያ ሹራቡን ወደ ራሳቸው ሳቡት። «ልጆቼ፣ የቀረኝ ጊዜ እኮ ትንሽ ነበር» አሉ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልነካውም። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ስህተት ሲመልሱ የኖሩት እህቴ የራሳቸውን ጠማማ ረድፍ እንዳለ ትተው ቀጠሉ።

ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በዓሉ ሳይገባ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው አጠገባቸው እንደተቀመጡ በ68 ዓመታቸው ዐረፉ። አንዱ እጅጌ አልተሠራም።

ልጆቻቸው «እኛ ባንነካው ኖሮ ያልቅ ነበር» እያሉ አንጀታቸው አርሯል። እሳቸው ግን ሳያርፉ ይህን አውቀው ነግረዋቸዋል፦ «የአባታችሁ አንድ እጅ ዕድሜዋን ሙሉ በአውቶቡስ መስኮት ወጥታ የኖረች ናት። ብርድ ለምዳለች፤ አታልቅሱ።»

እታለም ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኛን እህት ወንድሞቻቸውን ትተውን ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ያሳርፍልን፤ ለእኛም የምንችልበትን አንጀት ይስጠን።

ባለቤታቸው ዛሬ ከፊታችን የተቀመጡት ያንኑ ሹራብ ለብሰው ነው። እጅጌውን ልጨርስልዎ አትበሏቸው፤ እንዲያልቅ አይፈልጉም። ልታጽናኗቸው ስትጠጉ ግን ያቺን ባዶ እጃቸውን ያዙልን። ለምዳለች የተባለው ልጆቹን ለማባበል ነው፤ በርዷታል።