ጥቁሯ መስኮት እንዳትዘጋ

ሰኔ 2፣ ማክሰኞ

ዛሬም ያው። የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ክፍል ገብቼ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ራጅ አንሺው በር ላይ ቆሟል። "ነይማ፣ ዶክተሩ ምስሉ አልደረሰኝም እያለ ነው።"

የራጅ ክፍሉ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ ጥቁሯን መስኮት ከፍቼ ስክሪፕቱን፣ የጻፍኳትን ትንሽ ፕሮግራም፣ አስነሳሁ። ሥራው ፎልደሩን ሲያይ መዋል ነው፤ አዲስ ራጅ ሲገባ ማዶ ሕንፃ ላለው ዶክተር ይልካል። መስኮቷ ከተዘጋች ግን አለቀ። በሽተኛው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ እኔ እጠራለሁ።

ማነው የሚዘጋብኝ?

ሰኔ 3

ታወቀ። ጥበቃው ናቸው። "ሰማዩ ሲያጉረመርም ኮምፒውተሩን ነቀልኩት ልጄ። እንዳይቃጠልብሽ ብዬ።" ከጀርባቸው ጋሽ መብረቅ የምንላቸው ያለ ነገር አይደለም። ምን ልበላቸው? "አይነቀልም" የሚል ወረቀት ለጠፍኩ።

ሰኔ 8

ወረቀቱን አንብበው ነቀሉት። "ወረቀት መብረቅ ይመልሳል እንዴ?"

ሳቅኩ። ከዚያ አልቅሺ አልቅሺ አለኝ።

ሰኔ 9

እህቴ ደወለች። የእማዬ የዓይን ቀዶ ሕክምና ሰኔ 22 ነው። "ትመጫለሽ ወይስ ኮምፒውተርሽን ታስታምሚያለሽ?" ነገር መወርወር ታውቅበታለች። ባለፈው ልሄድ ስል ከሥራ ተደውሎልኝ ከአውቶቡስ ወርጄ ተመለስኩ። እማዬ "ግድ የለም" አለች። ግድ ሲኖራት ነው እንዲህ የምትለው።

አለቃዬን ፈቃድ ጠየቅኩ። "ሂጂ፣ ብቻ ያ ነገር እንዳይቆም።" ሂጂ ነው አትሂጂ?

ሰኔ 11

ደክሞኛል... ግን አንድ ነገር አሰብኩ። ስክሪፕቱ በእኔ መስኮት፣ በእኔ ስም ስገባ ብቻ የሚኖረው ለምንድነው? ኮምፒውተሩ ሲበራ፣ ማንም ሳይነካው፣ ከጀርባ ራሱ መነሳት ይችላል። ቢወድቅም ራሱ ይነሳል። አስተካከልኩት። አጥፍቼ አበራሁ።

የለም። ሞቷል። እሱን ልተው ወይስ እማዬን?

ሰኔ 15

አገኘሁት! ይቸኩላል። ኔትወርኩ ሳይገናኝ ይነሳና ፎልደሩን ሲያጣ ደጋግሞ ወድቆ፣ ተስፋ ቆርጦ ይሞታል። ፎልደሩ እስኪመጣ እንዲጠብቅ አደረግኩት።

"ጋሼ፣ እባክዎ ይንቀሉት" አልኳቸው።

"ያለ ዝናብ?"

ነቀሉ፣ መልሰው ሰኩ፣ ማብሪያውን ተጫኑ። እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ። ራጅ አንሺው ከኮሪደሩ ጮኸ፤ "ደርሶታል!"

ጥቁሯ መስኮት የለችም። ትንሽ ከፋኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሰኔ 19

አላመንኩትም። በሰበብ አስባቡ እየሄድኩ አየዋለሁ። ይሠራል።

ሰኔ 22

እማዬ ጋ ነኝ። ቀዶው በደህና አልቋል፣ ዓይኗ ታሽጓል። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ መብረቅ ናቸው።

"ልጄ፣ እዚህ መብረቅ ነበር፣ ነቅዬው ነበር። አሁን ሰክቼ ማብሪያውን ተጭኛለሁ። ከዚያስ?"

"ከዚያ ምንም።"

"ምንም?"

"ምንም ጋሼ።"

ወደ ኮሪደሩ ተጣርተው ተመለሱ። "እውነትም ራጅ አንሺው ደርሷል እያለ ነው። በይ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ።"

ስልኩን ስዘጋ እማዬ እጅጌዬን ጨብጣ ይዛለች። መቼ እንደያዘችኝ አላየሁም።

"ጠሩሽ? ልትሄጂ ነው?"

"አይ እማዬ። እኔን አይፈልጉኝም።"

እጅጌዬን ለቀቀችው። "እንግዲያው ትራሱን ከፍ አድርጊልኝ።"