አጭር ክንፍ ለረጅም ሴት

ሚያዝያ 10፣ ቅዳሜ

ሳምንቱን ቡታጅራ የስፖርት አስተማሪ ሆኜ ተማሪ ሳስሮጥ ሰነበትኩ፤ ዛሬ ደግሞ እንደ ልማዴ ወልቂጤ፣ ክለብ ደጋንና ቀስት ልለማመድ። መንገዱ አገና ላይ ጭጋግ። ሚኒባሱ ውስጥ ጉልበቴን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ረዳቱ የሁለት ሰው ክፈይ ብሎ ቀለደብኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ምን ያስቃል?

ኮች ሰይፉ ቁርጡን ነገሩን። በሰኔ አዲስ አበባ ለሚደረገው የተወዳዳሪዎች ምርጫ የሚሄደው የራሱ ደጋን ያለው ብቻ ነው። የክለቡ የእንጨት ደጋኖች ለመለማመጃ እንጂ ለውድድር አይሆኑም። ለእኔ ግን መላ አለ። ክለቡ ውስጥ ባዶውን የተቀመጠ የብረት የደጋን እጀታ አለ፤ የጎደሉት ከላይና ከታች የሚገጠሙት ሁለቱ ክንፎች ብቻ ናቸው። ወንድሜ ሙባሪክ ለአረፋ ከዱባይ ሲመጣ ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል። አጭር፣ መካከለኛ ወይስ ረጅም? እሱን ብቻ ልንገረው። ቀላል መስሎኝ...

ሚያዝያ 14

ሙባሪክ የድምፅ መልእክት ላከ። "የጫማ ቁጥር ነው እንዴ እንዲህ የሚያስጨንቅሽ?" ይላል። ለሱማ ቀላል ነው።

ሚያዝያ 17፣ ቅዳሜ

ተለካሁ። የእንጨቱን ደጋን እስከ መጨረሻው ጎተትኩ፣ የክለብ ጓደኛዬ ሚስጥር ቀስቱ ላይ፣ እጀታው ጋ በሚደርሰው ቦታ፣ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገች። ትከሻዬ ጋ አትደርስም፣ በእግር ጣቷ ቆማ ነው ምልክቱን ያደረገችው። ሃያ ስድስት ተኩል ኢንች። ኮች ግንባራቸውን ቋጠሩ። እንደ ቁመቴ ከሆነ ረጅም ጎታች መሆን ነበረብኝ።

አስረዱን። ረጅም የሚጎትት ሰው አጭር ክንፍ ከያዘ መጨረሻው ላይ ድንጋይ ይሆንበታል፣ ገመዱም ጣቱን ይቆነጥጠዋል። አጭር ጎታች ረጅም ክንፍ ከያዘ ደግሞ ክንፉ በደንብ ሳይታጠፍ ይቀራል፣ ቀስቱ ይሰንፋል። ደግመን እንለካ አልኩ። ሦስት ጊዜ ለካን። ያው።

"እንግዲህ ደጋኑ የሚያውቀው አጎታተትሽን ነው" አሉኝ። "የምትመርጪው ግን አንቺ ነሽ።"

እኔ ምን አውቄ?

ሚያዝያ 20

ሰው ሁሉ አዋቂ ሆነብኝ። ደጋን በዓይኑ አይቶ የማያውቀው የአጎቴ ልጅ፣ መካከለኛ አድርጊው፣ መካከለኛ ከማንም አያጣላም ይለኛል። ሚስጥር ደውላ ለቁመናሽ ረጅሙ ነው የሚያምረው አለች። ልብስ ልገዛ ነው እንዴ? ራሴን አዞሩት።

ሚያዝያ 22

ለሙባሪክ መልሱን ላክኩለት። አጭሩን። ሦስት ጊዜ ለክተን ሦስቴም ያው ነው፤ ቁጥር አይዋሽም። ደግሞ ገላገለኝ።

ግንቦት 1

ገዛ። ፎቶውን ላከልኝ። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ። አልሐምዱሊላህ።

ግንቦት 8፣ ቅዳሜ

ሚስጥር ስተኩስ ከጎን በስልኳ ቀረጸችኝ። ወላሂ ራሴን አላወቅኩትም። አንገቴን ሰብሬ፣ ትከሻዬን ሰብስቤ፣ ደረቴን ወደ ውስጥ ውጬ... ገመዱ ወደ ፊቴ መምጣት ሲገባው ፊቴ ወደ ገመዱ ሄዷል። ማንን ለማከል ነው?

ለኮች አሳየኋቸው። ደጋግመው አዩት። ሁልጊዜ ከፊቴ ቆመው ስለሚያዩኝ እንዳላስተዋሉ፣ ጥፋቱ የሳቸውም እንደሆነ ነገሩኝ። ሻሼን ወደ ኋላ አጥብቄ አሰርኩ፣ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፣ ጎተትኩ። ሃያ ዘጠኝ። ደገምን። ሃያ ዘጠኝ።

ለካ ያን ቀን የለካነው ጉብጠቴን ነው! አጭሩ ክንፍ ደግሞ ተገዝቷል። በገዛ አፌ!

ግንቦት 9

እማዬ ከቆሼ ከተማ የመጣላትን በርበሬ ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩ። መቼ ነው መጉበጥ የጀመርኩት? አልኳት። ቀና ሳትል "እኔ ነኝ ጎንበስ በይ ያልኩሽ? የድሮው ቤታችን በር ነው" አለችኝ። በሩማ ስወጣና ስገባ ብቻ ነው ያጎነበሰኝ። "ይቺን ማን ያገባታል" ያለችው አክስቴስ? ፎቶ በተነሳን ቁጥር እግሬን አጥፌ የቆምኩትስ? ተናድጄ ተነሳሁ። በማን እንደሆነ አላውቅም።

ለሙባሪክ ነገ እደውላለሁ። ሱቁ ይቀይረዋል።

ግንቦት 11

አልደወልኩም። እሱ ለእማዬ ደወለ። የአክስት ልጆች ጫማ፣ የጎረቤት መድኃኒት፣ የአባዬ ራዲዮ... ሁሉም ያዘዋል። መቼ አርፎ ያውቃል? ስልኩን ስትሰጠኝ ምላሴ ላይ ነበረ። "በሰላም ያግባህ" ብዬ መለስኩላት። በገዛ ገንዘቡ ገዝቶልኝ፣ አሁን ደግሞ ሂድና ቀይርልኝ ልበለው? በምን ዓይኔ?

ግንቦት 12

ዛሬም አልደወልኩም። ደደብ።

ግንቦት 14፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ሻንጣው ተመዝኖ ታስሯል፣ በረራው ነገ ነው።

"ትናንት ብትነግሪኝ ኖሮ" አለኝ፣ "እዚያው ሱቅ አጠገብ ነበርኩ እኮ፣ ለእማ ሽቶ ስገዛ። አምስት ደቂቃ ነበር።"

ለምን አልነገርሽኝም ሲለኝ እንዳላስቸግርህ ብዬ ነው አልኩት። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ስድስት ቀን! ስድስት ቀን ሙሉ ይሉኝታዬን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ግንቦት 17

ሙባሪክ አዲስ አበባ አድሮ ዛሬ ገባ። ቤቱ ሰው በሰው ሆነ። ክንፎቹን ሰጠኝ፤ ያምራሉ። አመሰገንኩትና አልጋ ስር ከተትኳቸው።

ግንቦት 19፣ አረፋ

ዒድ። ደስ ብሎናል። እኔም ደስ ያለኝ መስያለሁ።

ግንቦት 22፣ ቅዳሜ

ክንፎቹን ብረቱ እጀታ ላይ ገጠምናቸው። ቀጥ ብዬ ጎተትኩ። እስከ ሃያ ሰባት ድረስ እሺ አለኝ፣ ከዚያ ወዲያ ግድግዳ። ጣቴ ገመዱ መሃል ተቆነጠጠ። ቀስቶቹ ዒላማው ከተለጠፈበት ጆንያ በላይ እያለፉ ሳር ውስጥ ገቡ።

ንዴቴ ሲብስ እንደ ድሮዬ አንገቴን ሰበር አደረግኩ። አቤት ሲስማማኝ! ለእኔ ለጎባጣዋ ሀያቱ በልክ የተሰፋ ነው። ስድስት ቀስት፣ ስድስቱም የዒላማው መሃል ቢጫው ላይ። ሚስጥር አጨበጨበች። ኮች አላጨበጨቡም። በዚህ ነጥብ ለሰኔ ማለፍ እንደምችል፣ ትከሻዬ ግን ጉብጠቱን እንደማይሸከም ነገሩኝና ውሳኔውን ለኔ ትተውት ሄዱ። አሁንም ለኔ!

ግንቦት 23

ትከሻዬን ሲወጋኝ አደረ። ልሂድ? አንድ ቀን እኮ ነው። ጎብጬም ቢሆን ነጥብ ነጥብ ነው። ግን ባልፍስ? ካለፍኩ በኋላ መቼ ልቃና ነው?

ከሰዓት ለሚስጥር ደወልኩ። የሷ ጉተታ ሃያ ስድስት ነው፣ ሳትጎብጥ። ክንፎቹን ውሰጃቸው አልኳት። እየቀለድኩ መሰላት። ሲገባት አለቀሰች፣ አልቀበልም አለች፣ ከዚያ ተቀበለች። ስልኩን ዘግቼ ቀናሁባት። አዎ፣ ቀናሁ። ደግ ሰው አይደለሁም።

ግንቦት 29፣ ቅዳሜ

ሚስጥር በክንፎቹ ስትተኩስ አየሁ። የሷ ናቸው። አሁንም ቀናሁ፣ ግን የሷ ናቸው። እኔ በሰኔ አልሄድም፤ የሚቀጥለው ምርጫ ከዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ በእንጨቱ ደጋን፣ ቀጥ ብዬ፣ እየሳትኩ። ዛሬ ከሃያው ቀስት አሥራ አንዱ ጆንያውን ስቶ አለፈ። ያናድዳል!

ሙባሪክ ሳይሄድ ክለቡን ልይ ብሎ አብሮኝ መጥቶ ነበር። ሚስጥርን ልንሸኛት ለፎቶ ተሰለፍን፤ እሷ ደጋኑን ይዛ መሃል፣ እኔ አጠገቧ። ሙባሪክ ስልኩን አነሳና "ሀያቱ፣ ትንሽ ዝቅ በይ፣ ጭንቅላትሽ እየተቆረጠ ነው" አለኝ።

"አንተ ወደ ኋላ ራቅ በል" አልኩት።

ራቀ።