ምስር የምታክለው ቀንድ አውጣ

ለምወድሽ እናቴ፤

እንዴት ሰንብተሻል? ብርዱ ጉልበትሽን እንዴት አደረገው? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ቅባት ትቀቢያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት ሰጠሽው? እኔ በጤናዬ ምንም አልል። ያልቻልኩት ንዴቱን ነው። ባለፈው በስልክ ድምፄን ሰምተሽ ምን ሆነሻል ስትይኝ ጉንፋን ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነበር።

ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ስላለችው ረግረግ ነግሬሽ አውቃለሁ። እዚያ ምስር የምታክል ቀንድ አውጣ አለች፤ እስከ ዛሬ ሌላ ቦታ ያገኛት ሰው የለም። እሷን ላጥና ብዬ ለአነስተኛ ምርምር ድጋፍ የሚሰጠው ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ። ኮሚቴ ስልሽ ትልቅ ነገር እንዳይመስልሽ። ቀንድ አውጣን ከትል የማይለዩ፣ ወንበር ስለተሰጣቸው ብቻ አዋቂ የሆኑ ሰዎች ናቸው። አንደኛዋ ስልኳን ትነካካለች፣ አንደኛው ያንቀላፋል። ሰብሳቢው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ትበላ እንደሆነ ጠየቀኝ። አትበላም አልኩት። ትሸጥ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አትሸጥም። በሽታ ታመጣ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አታመጣም፣ ከፍተን አይተናል አልኩት።

"ታዲያ ምን ታደርጋለች?" አለኝ።

"ትኖራለች" አልኩት።

ሳቁብኝ። ያንቀላፋው ሰውዬ እንኳ ለመሳቅ ነቃ። ማመልከቻዬ እዚያው ወደቀ።

አማችሽ፣ ያ ከወለድኩት ይበልጥብኛል የምትይው ባሌ፣ ያን ቀን ትከሻዬን እያሻሸ ሲያጽናናኝ ዋለ። ከዚያስ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የእኔኑ ቀንድ አውጣ ይዞ እዚያው ኮሚቴ ፊት ቀረበ። የቢልሃርዚያን ትል ታስተላልፋለች ተብላ ትጠረጠራለች ብሎ ጻፈ። ማን ጠረጠራት? ማንም። ክረምቱን ሙሉ አንድ ክፍል ተቀምጠን፣ እኔ እየከፈትኩ እሱ በማጉያው እያየ፣ አንድም ትል አለማግኘታችንን ከእኔ እኩል ያውቃል።

ሸሚዙን ሲተኩስ ደርሼ ጠየቅኩት። ቀና እንኳ አላለም።

"ትጠረጠራለች ነው ያልኩት፤ መጠርጠር ውሸት አይደለም። ድጋፉ ይምጣ እንጂ ንጹሕ መሆኗን አብረን እናሳያለን" አለኝ።

ለኮሌታው ያደረገውን ጥንቃቄ ግማሹን እንኳ ለጻፈው ነገር ቢያደርግለት ምን ነበረበት?

ድጋፉ ተሰጠው። ኬክ ተቆረሰለት። ሰብሳቢው አቅፎ ሳመውና ተመራማሪ ማለት እንዲህ ነው አለ። ግብዣው ላይ የከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበር፤ በሽታ የምትለዋን ቃል ብቻ አንጠልጥሎ ሄደ። ጥናቱ እስኪጀመር ማን ይጠብቃል? ብዙም ሳይቆይ መርዝ የጫነ መኪና ልኮ ረግረጓን አስረጫት።

ሰምቼ ስደርስ ቀንድ አውጣዎቹ ዳር ዳሩን እንደተደፋ ምስር ተከምረዋል። እንቁራሪቶቹም ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አዙረዋል። አማችሽ አዲስ ቦቲውን ተጫምቶ ፎቶ ያነሳል። የሚያለቅስ መስሎኝ ጠጋ አልኩት። የርጭቱን ውጤት ያጠና ሰው የለም፣ ተጨማሪ ድጋፍ ብንጠይቅ አይከለክሉንም አለኝ። እውነትም አልከለከሉትም። የእኔንም ስም አስገብቶት ነበር፤ ሄጄ አሰረዝኩት።

እናቴ፣ ሰው ቢዋሽ ይገባኛል። ፈርቶ ይዋሻል፣ አፍሮ ይዋሻል። ይሄ ግን እየዋሸ ያዛጋል።

ቢሮ በመስታወት ገንዳ አኑሬያቸው የነበሩ ጥቂቶች ተርፈዋል፤ ይዣቸው እመጣለሁ። ጓሮ ያለውን የድንጋይ ገንዳ እጠቢና የዝናብ ውሃ ሙይልኝ፤ አደራ፣ ሳሙና እንዳይነካው። የድሮ ክፍሌንም አናፍሽልኝ። አልጋው ላይ አንድ ትራስ ይበቃል። ጎረቤቶችሽ ለስንት ቀን ነው የመጣችው ካሉሽ፣ ቀንድ አውጣ ልታረባ ነው በያቸው፤ እድገታቸው ቀስ ያለ ነው።

እስክደርስ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ ዕድሜሽን ከጤና ጋር ያርዝምልኝ። ለአማችሽ ሰላምታ መላክ ካማረሽ ግን በእኔ በኩል አታድርጊው።

ልጅሽ