ሲያኝኩ የሚዘሉ ቁጥሮች

…አባባ የደረቀውን ዳቦ ቆረጠሙና፣ ገና እያኘኩ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። «ዘለሉ» አሉ። ሾርባዬን እያማሰልኩ ምኑ ዘለለ አልኳቸው። ቁጥሮቹ፣ አሉኝ።

ከመሃል ጀመርኩብሽ፣ እታለም። አንቺ እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ልጆቹስ፣ የትምህርት ቤትሽ ግርግርስ? እኔ ደህና ነኝ ልበል። አባባም ደህና ናቸው። እንዲያውም ችግሩ እሱ ነው፤ ደህና ናቸው።

ሰዓቱን ታስታውሺዋለሽ፣ ባለፈው ስትመጪ ሳሎን የሰቀልኩትን፣ ባለ አራት ቀይ ቁጥሩን። አርባ ዓመት የሰው ሰዓት ሲጠግኑ ኖረው የራሳቸውን ሰዓት ዘንግ መለየት ሲያቅታቸው ነው የሠራሁላቸው። እሳቸው ግን ከተሰቀለበት ቀን ጀምሮ እንዳልመረጧት ምራት ነበር የሚያዩት። ውስጡን ከፍተው አይተው፣ ይሄ አንድም ጥርስ ያለው ጎማ የለው፣ ጊዜውን በድዱ ነው እንዴ የሚበላው፣ ብለው ሳቁብኝ።

ከዚያ መዝለሉ መጣ። ቁርስ ላይ ዘለሉ። ምሳ ላይ ዘለሉ። ሾርባ ሲጠጡ አይዘሉም፣ ካሮት ሲቆረጥሙ ይዘላሉ። ይህን በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለአምስት ወር ስሚው እስቲ። በዚያ ላይ የምድጃው መዝጊያ አራቴ ይፈተሻል፤ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ሆኖ ቤቱ ይበረበራል፤ እኔ መበየጃዬን አግዬ የሰው ራዲዮ ላይ ስጎነበስ ይጠሩኛል፣ ስሄድ ለምን እንደጠሩኝ ይጠፋቸዋል። አንቺ በስልክ ታገሥ ትይኛለሽ። በስልክ እኮ እኔም ታጋሽ ነኝ።

ሐኪሙ ዓይናቸው ከእርጅናው በቀር እንከን የለበትም ሲል፣ እንግዲያው ጭንቅላታቸው ነው ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔም አልተቃወምኩም። የአረጋውያን መኖሪያው ነገር የተነሳው ያን ቀን ነው። እሳቸው ያሉትንም ሰምተሻል፤ ከዚህ ቤት ተሸክማችሁ ካላወጣችሁኝ በእግሬ አልወጣም።

አንድ ቀን ደግሞ ከሥራዬ አስነስተውኝ፣ እነዚህ ቁጥሮች አብረው አይበሩም አይደል፣ ተራ በተራ ነው አይደል፣ አሉኝ። ደክሞኝ ነበር። አራቱም አብረው ነው የሚበሩት አልኳቸው።

ውሸቴን ነበር። የሰዓቱ አንጎል ማይክሮኮንትሮለር የምንላት ጥፍር የምታህል ቺፕ ናት። እያንዳንዱ ቁጥር የሚሠራው ከሰባት ጭረት ነው፤ ለአራቱም ለየብቻ ሽቦ እንስጥ ብንል የቺፗ እግሮች አይበቁም። ስለዚህ አራቱ ሰባት ሽቦ ይጋራሉ። ቺፗ አንዱን ታበራለች፣ ሦስቱን ታጠፋለች፤ ያንን አጥፍታ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ እንደገና ከመጀመሪያው። በየትኛውም ቅጽበት የሚበራው አንድ ብቻ ነው። ዓይናችንን የሚያታልለው ፍጥነቱ ነው። ዙሩ ከዘገየ ግን፣ ሰው ደረቅ ነገር ሲያኝክ ራሱ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑም አብሮ፤ አንዱ ቁጥር ዝቅ ብሎ፣ ቀጣዩ ከፍ ብሎ ይታየዋል።

የእኔ ዙር ዘግይቶ ነበር። ሙቀት መለኪያ ስጨምርበት ለሙከራ ብዬ ፕሮግራሙ ውስጥ ያስገባኋትን ማዘግያ ትእዛዝ ሳላወጣት ረስቻት ነበር። አንዲት መስመር።

ያወቅኩት ማክሰኞ ነው፣ አልጋ ተገኘ ብለሽ የደወልሽልኝ ዕለት። ስልኩን ዘግቼ ብስኩት ነከስኩ፣ ቀና አልኩ። ዘለሉ። ደግሜ ነከስኩ። ፓኬቱን ጨረስኩት።

ረቡዕ ጠዋት፣ አባባ ሲታጠቡ፣ መስመሯን አወጣኋት። የተበላሸ ነገር ሳይ እጄ አያርፍም፣ ታውቂዋለሽ።

ሐሙስ የመኖሪያው ሴትዮ ቅጿን ይዛ መጣች። የሌለ ነገር ያያሉ ወይ የሚል ጥያቄ አለበት። ቁጥሮች ዘለሉ ይላሉ፣ አልኳት። ይላሉ ነው ያልኩት። ስለ መስመሯ ግን አልነገርኳትም። አባባ ከወጥ ቤት ሰምተዋል። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ ብስኩት በሳህን ይዘው መጡ። ልጄ፣ ንከሺና ወደ ላይ እዪ፣ አሏት። ጨዋ ሴት ናት፣ ነከሰች። እሳቸውም ነከሱ። ጎን ለጎን ቆመው፣ አንገታቸውን አቅንተው አኘኩ። ግድግዳው ላይ አራት ከሃያ ይላል፣ ንቅንቅ የለም። ሴትዮዋ በለሰለሰ ድምፅ፣ ብስኩቱ ጥሩ ነው አለቻቸው። ከዚያ ጻፈች።

አባባ ማኘካቸውን አቆሙ። ያዩት ሰዓቱን አልነበረም፣ እኔን ነበር። ሌላ ሰው የነካካውን ሰዓት ክዳኑን ሳይከፍቱ የሚያውቁ ሰው ናቸው።

በኢሜይል የላክሽው ፊርማሽ ቀድሞ ነበረበት። የእኔን ከሥሩ አኖርኩ። ብዕሩ አልጽፍ ብሎኝ ሁለቴ ሄድኩበት።

አንቺ ለመኖሪያው ብትደውዪ ይቀራል። እስከ ቅዳሜ ሰባት ሰዓት መሰረዝ ይቻላል ብላለች ሴትዮዋ። ደብዳቤ እዚያ ለመድረስ ስምንት ቀን እንደሚፈጅ አውቃለሁ። ለምን አልደወልክልኝም እንዳትይኝ። በስልክ ታቋርጪኛለሽ። አንድን ነገር ከዳር እስከ ዳር እንድናገር ፈቅደሽልኝ አታውቂም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። አባባ ሦስቱን ትንንሽ ካቻቪቴዎቻቸውንና በዓይናቸው ጉድጓድ የሚይዟትን ማጉያ በመሀረብ ጠቅልለዋል። ጫማቸውን ራሳቸው አሰሩ። ቅድም መጥተው የክፍሌ በር ላይ ቆሙና የሰዓቱ ችግር ምን እንደነበር ጠየቁኝ። አንዲት መስመር ናት አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ለሥራ ባልደረባ እንደሚነቀነቀው።

«ታዲያ ተራ በተራ ነው?»

«ተራ በተራ ነው፣ አባባ።»

ጥሩ፣ አሉ። ሄደው የምድጃውን መዝጊያ ፈተሹ። አንዴ ብቻ።

ወገብሽን ይማርልሽ። ልጆችሽን ለወግ ያብቃልሽ። ስታረጂ፣ አየሁ ያልሽውን አብሮሽ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ከጎንሽ አይጥፋ።

ታናሽ ወንድምሽ

ፖስታውን ሳላሽግ የመኖሪያውን መኪና ጥሩምባ ሰማሁ። ሰባት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ይቀረዋል። አባባ ይጠሩኛል ብዬ ብዕሩን አስቀመጥኩ። እግራቸው ሳሎኑን አቋረጠ፣ ሰዓቱ ሥር ሲደርስ ቆመ፣ ከዚያ ቀጠለ። በሩ ተዘጋ።