እልልታ የተከለከለበት ሐሙስ

እሑድ

አልነገርኳትም። እናቴ ቤት ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ፤ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ጠገንኩ፣ የማያንጠባጥበውንም ፈትቼ መልሼ ገጠምኩ። ነገሩን ግን አልነገርኳትም።

ነገሩ ይህ ነው። ልጄ ሂላ ሐሙስ ረሲታል አላት፤ መድረክ ላይ ብቻዋን ወጥታ በደጋን የሚመታውን ትልቁን ቼሎ የምትጫወትበት የባግሩት፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ፣ ፈተና። ከውጭ ፈታኝ ይመጣል፣ ቤተሰብም ይጋበዛል። ሙዚቃ መማር ለመቀጠል የምታስበው በዚህ ውጤት ነው። የተጋባዦቹን ስም ጽፋ ሰጠችኝ፦ እኔ፣ እናቷ፣ ሁለት ጓደኞቿ። የአያቷ ስም የለም።

«አባ፣ አንተ ንገራቸው። ሳብታ እንዳይመጡ። በጣም እወዳቸዋለሁ፣ ግን እንዳይመጡ።»

ልጅቷ እዚሁ እስራኤል፣ ረሖቮት ከተማ ተወልዳ፣ አማርኛዋ ግማሹ ዕብራይስጥ ሆኖ፣ አያቷን ሳብታ እያለች እንጂ አንድ ቀን «አንቺ» ብላ አታውቅም። ስታግዳቸውም በአክብሮት ነው።

ጥፋቱ የሐኑካ በዓሉ ኮንሰርት ነው። ሂላ ይህንኑ ዜማ ኦርኬስትራው አጅቧት ስትጫወት፣ ገና መሃሉ ላይ ሳለች፣ እናቴ ከሦስተኛው ረድፍ ብድግ ብላ እልልታዋን ለቀቀችው። ሁለቱ አክስቶቼም ምክንያቱን ሳይጠይቁ ተቀበሏት። በእኛ ዘር እልልታ ምክንያት አይጠየቅም። አዳራሹ ሳቀ፣ ገሚሱ አጨበጨበ፣ ሂላ የምትገባበትን ሳተች። ሲያልቅ ሮጣ መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈች። የትምህርት ቤቱ አቭ ባይት፣ የጥገናና የቁልፍ ኃላፊው፣ እኔ ነኝ፤ ትርፍ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። አባትነቴና ሥራዬ ያን ዕለት ተገናኙ።

ሰኞ

አዳራሹን ጠረግሁ። ቁልፍ፣ አምፖልና ወንበር የእኔ ናቸው፤ ሌላው የትምህርት ሚኒስቴር ነው። ዘንድሮ ለሙዚቃ ወንበር የደረደርኩባቸው፦

ለሐኑካው። (ከላይ ተጽፏል።)
ለመዘምራኑ ምሽት። ዝናብ ነበር፤ ዘማሪ ከአድማጭ በለጠ።
ለጀማሪ ቫዮሊኖች። ስለሱ ዝም ብል ይሻላል።
ለወደቁ ወታደሮች መታሰቢያ ቀን። ያን ዕለት ወንበሮቹ እንኳ አልተንቋቁም።
አሁን ለረሲታል።

ማሪና፣ የሙዚቃ መምህርቷ፣ ፒያኖውን ስትቃኝ አገኘኋት። ከሩሲያ ከመጣች ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ስትቆጣ አሁንም በሩሲያኛ ትቆጥራለች። መቼ እንደሚጨበጨብ ጠየቅኋት።

«ሦስት ክፍል ነው» አለች። «በመካከል ሁለት ዝምታ አለ። ያኔ አይጨበጨብም።»

«ለምን?»

«ስላላለቀ።»

«እኛ ዘንድ እልል የሚባለው ሲያምር ነው እንጂ ሲያልቅ አይደለም።»

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አለች። «ሐሙስ ግን አይሁን።»

ምሳ ሰዓት ላይ ከቤተ መጻሕፍቱ አንድ መጽሐፍ አውጥቼ ስለ ኮንሰርት ሥርዓት ሁለት ምዕራፍ አነበብኩ። ፈረንጆቹ ራሳቸው ድሮ እየበሉ፣ እያወሩ፣ ደስ ባላቸው ቦታ እያጨበጨቡ ነበር የሚያዳምጡት ይላል። ዝምታው በኋላ የመጣ ነው። እኛ ጋ ሰው ሲጫወት ዝም የሚል ወይ ሐዘንተኛ ነው ወይ ተቀይሟል። የሆነ ሆኖ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ጉዳይ የቤተሰቡ ሊቅ እኔ ነኝ።

ማክሰኞ

ዋሸኋት።

«ፈተና ነው እማዬ። ሰው አይገባም።»

«ወንበሩን ለማን ነው የምትደረድረው?»

ትናንት በስልክ «ወንበር ወገቤን ቆረጠው» ብዬ አልቅሼላት ነበር። ውሸታም ማስታወሻ መያዝ አለበት የሚባለው እውነት ነው፤ እኔ ግን እየያዝኩም አልሆነልኝም።

«የሐኑካው ነው?» አለች።

«እሱ ነው።»

«እሷ ናት ያለችው?»

ቧንቧውን አየሁት። ሲፈለግ አያንጠባጥብም።

«ቤሰደር» አለች። እናቴ በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን ከመጣች ጀምሮ ይህችን የዕብራይስጥ «እሺ» የምታወጣት ስትቀየም ብቻ ነው። «እኔ መሃይም ነኝ። ምን አውቄ።»

ቀጥሎ የጠየቀችው ግን የከፋ ነበር። «ልጅቷ ነገ ትመጣለች?»

«ትመጣለች።»

«እንግዲያስ ክፍሉን ላናፍሰው።»

ሂላ የምትለማመደው እናቴ ቤት ነውና። ኦሺዮት ሰፈር ያለው ቤታችን ግድግዳው ስስ ነው፤ ከላይ ያለው ጎረቤት የሌሊት ሥራ ሠርቶ ቀን ስለሚተኛ በመጥረጊያ ዘንግ ወለሉን ይደበድባል። ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ቼሎው የሚኖረው አያቷ ዘንድ ነው። መጀመሪያ ተሸክሜው ስገባ እናቴ ደነገጠች፤ «ልጅቷን አዝማሪ ልታደርጋት ነው?» አለችኝ። ከዚያ ምንጣፍ አነጠፈችለት።

ረቡዕ

ሂላን ልወስዳት ቀደም ብዬ ደረስኩ። እናቴ ሳሎን ተቀምጣ ስፌት ትሰፋለች፤ ቼሎው ከውስጥ ይሰማል። ልናገር አፌን ስከፍት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ዝም የምታሰኘው እኔን!

ተቀመጥኩ። ወስፌዋ ይወጋል፣ አክርማው ይከተላል፣ ዜማው ይሄዳል። ድንገት ወስፌው አየር ላይ ቆመ። እናቴ ትንፋሿን ያዘች። ወዲያው ቼሎው ወደ ላይ ሲወጣ ተንሸራተተ፤ ሂላ እዚህ የማልጽፈውን ነገር በዕብራይስጥ ተናገረችና ወደ ኋላ ተመልሳ ጀመረች። ወስፌው ቀጠለ። እዚያው ቦታ ሲደረስ እንደገና ቆመ። ልጅቷ እንደገና ወደቀች። በሦስተኛው አለፈች። እናቴ ተነፈሰች፣ ወጋች።

«እዚህ ጋ ነው የምትወድቀው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ዓመቱን ሙሉ እዚችው ጋ። ዳገት ናት። የሐኑካ ለታ ግን አንዴም ሳትወድቅ አለፈቻት።»

«ለዚህ ነው እልል ያልሽው?»

«ታዲያ ለምን መስሎህ ነው?»

ለካ! ስንት ወር ሙሉ ቤተሰቡ በሙሉ፣ መጽሐፍ አንባቢውን እኔን ጨምሮ፣ አሮጊቷ መሃሉን ከመጨረሻው መለየት አቅቷት ነው ብለን ፈርደናል። ያን ዕለት አዳራሹ ውስጥ ያችን ዳገት የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሂላ፣ ማሪና እና እናቴ።

ጥቁር ጫማ ልንገዛ ወደ ቢሉ ሴንተር ስንሄድ ለሂላ ነገርኳት። ቀይ መብራት ይዞን ነበር።

«ሳብታ ያችን ቦታ ያውቋታል?»

«ወስፌዋን አቁማ ትጠብቅሻለች።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላችን ያለው ወዲያው ጥሩምባውን ለቀቀው። በዚህ ከተማ ለማሰብ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። ጫማውን ለካች፣ ከፈልን፣ መኪናው ጋ ተመለስን።

«ይምጡ» አለች ከዚያ። «ግን ዝም ይበሉ፣ እሺ? አንተ አጠገባቸው ተቀመጥ። ሲያልቅ ትነግራቸዋለህ።»

«መጽሐፉን አንብቤዋለሁ» አልኳት።

ሐሙስ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

እናቴን ሦስተኛው ረድፍ ጥግ ላይ፣ በማይንቋቋው ወንበር አስቀመጥኳት። መመሪያ ሰጠኋት፦ እኔ ሳላጨበጭብ ምንም የለም። «እሺ ጌታዬ» አለችኝ። ፈታኟ ከፊት ተቀመጠች፤ ቀጭን ሴት፣ መነጽሯ በገመድ የተንጠለጠለ።

የመጀመሪያው ክፍል አለቀ። ዝምታ። እናቴን በዓይኔ ጠበቅኋት፤ ንቅንቅ አላለችም። ሁለተኛው አለቀ። ዝምታ። ሁለት ቆጠርኩ። ሦስተኛው ተጀመረ፤ ሄደ፣ ሄደ፣ ከፍ አለ፣ በትልቅ ድምፅ ተመታና ቆመ። ሂላ ደጋኑን አየር ላይ ሰቀለች። ሦስት ክፍል፣ ሁለት ዝምታ፣ ሒሳቡ ሞልቷል። ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ።

ብቻዬን።

አጨበጨብኩ ስል ሁለት ጊዜ ነው። ሁለተኛዋ ከመጀመሪያዋ ይልቅ ጮኸች። ፈታኟ ዞረች። ማሪና በሩሲያኛ መቁጠር ጀመረች። እናቴ የጃኬቴን ጫፍ ጎትታ አስቀመጠችኝ።

«ቁጭ በል! ዳገቷ ገና ናት።»

ሂላ ደጋኗን እንደሰቀለች ወደ እኛ አየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ልታለቅስ ነው ብዬ ሞትኩ። ሳቋን እየዋጠች ነበር። ትከሻዋ ወረደ፣ ደጋኑን አሳረፈች፣ ቀጠለች። ዳገቷ ስትቀርብ እናቴ የእጄን አንጓ ጨምድዳ ያዘች። እኔም በተቀመጥኩበት ወስፌ ሆኜ ቆምኩ። ልጅቷ ወጣች፣ ወጣች፣ አለፈች። አንጓዬ ተለቀቀ። ከእናቴ አፍ ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

ሲያልቅ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም፤ አላመንኩትም። ሂላ ተነሥታ እጅ ነሣች፤ እናቴ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች ዝም። ጭብጨባው በረደ። ልጅቷ ቆማ ትጠብቃለች።

«እልል ይበሉ እንጂ ሳብታ!» አለች ከመድረክ፣ በአማርኛ፣ ፈታኟ ፊት።

«አሁን ይቻላል?» ብላ እናቴ የጠየቀችው እኔን አይደለም። ማሪናን ነው። ማሪና ራሷን ነቀነቀች።

እልልታው ቀጭን ነበር፤ ሰማንያ ዓመት አልፎታል። እስከ በሩ ግን ደረሰ።

ዓርብ

ውጤቱ በደብዳቤ ይመጣል። ማሪና እንደነገረችኝ ፈታኟ ብዙ ጻፈች፤ ሲወጡም «ያ ሰውዬ ማነው?» ብላ ጠየቀች። «የወንበሮቹ ኃላፊ ነው» ብላታለች። ነጥብ ቢጎድል ከየት እንደጎደለ አውቃለሁ። ሂላ «ሳቁ ባይመጣ እጄ አይላቀቅም ነበር» ትላለች። ልታጽናናኝ ይሆናል። አላውቅም።

መጽሐፉን መለስኩት።

ከሰንበት በፊት እናቴ ዘንድ ጎራ አልኩ። «ሁለተኛ እንዲህ ካደረግህ ጥዬህ ነው የምሄደው» አለችኝ፤ ከዚያ ዝም በል አለችኝ። ሂላ ከውስጥ አዲስ ዜማ ጀምራለች። እናቴ ስፌቷን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማለች። ወስፌው የት ጋ መቆም እንዳለበት ገና አያውቅም።