ጠጠር የሆነው ግድግዳ

ጥር 5፣ ሰኞ፣ ጧት 2 ሰዓት
ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። መድረሳው፣ የልጆች የቁርኣን ትምህርት ቤት፣ ዛሬ መፍረስ ይጀምራል። አሮጌው የድንጋይ ቤት ወርዶ ባለ አንድ ፎቅ ይነሣል፤ ንድፉ የእኔ። ከሚሴ ላይ የመጀመሪያ ሕንጻዬ። ደስ ብሎኛል፣ ምን እዋሽሻለሁ ማስታወሻዬ።

ከቀኑ 10 ሰዓት
የምሥራቁ ግድግዳ ወረደ። በጭቃ ብቻ የተያያዘ ድንጋይ፣ ግን ሠራተኞቹ በዲጂኖ ግማሽ ቀን ታገሉት። ፎርማኑ ሁሴን ድንጋዩን የት እንጣለው አለ። ተፈልጦ ለኮንክሪቱ ጠጠር ይሁን አልኩ። ደሴ ሥልጠና ላይ ስለ ካርቦን የሰማሁት ትዝ ብሎኝ ነው። ሕንጻ ገና ሰው ሳይገባበት ብዙ ጭስ አጭሷል፦ ለሲሚንቶው ድንጋይ ሲቃጠል፣ ብረቱ ሲቀልጥ፣ መኪናው ሲመላለስ። ጠጠር ከሩቅ ካልተጫነ አንድ ነገር ነው። ጎበዝ አልኩ ራሴን።

ጥር 7፣ ረቡዕ
ቀኑን ሙሉ የመዶሻ ድምፅ። የሲሚንቶውን መጠን ሳሰላ እጄ ቆመ። ያ ግድግዳ እኮ ሲሚንቶ አይፈልግም ነበር! ዝም ብሎ ቆሞ ነበር። ሰብሬ ጠጠር አደረግሁት፤ ጠጠሩ ደግሞ ያለ ሲሚንቶ አይቆምም። አፈር ልብላ።
ሁሴንን ሌሎቹን ግድግዳዎች አትንኩ አልኩት። ሳቀብኝ፤ ታዲያ ፎቁን በምን ልታቆሚው ነው አለ። እውነቱን ነው። የጭቃና የድንጋይ ግድግዳ ፎቅ አይሸከምም። ወይ ፎቁ፣ ወይ ግድግዳው።

ጥር 8፣ ሐሙስ
ሼህ ሙሄ መጡ፤ የመድረሳው አስተማሪ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ። ከክምሩ አንድ ጠጠር አነሡ። ድንጋዩን ከቦርከና ወንዝ ዳር በደቦ ተሸክመው ካመጡት ሴቶች አንዷ እናታቸው ነበሩ። ወቅፍ ነው፣ ለአላህ የተሰጠ። ግድግዳው ደክሟል ብለሽን ነበር እኮ አሉኝ። አዎ ብያለሁ። ሳልፈትሽ። ፎቁ አጓጉቶኝ።
«ኢንተላ ቲያ፣ ጤነኛ ሰው ይገነዛል እንዴ?»
በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አለቀስኩ።

ጥር 9፣ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ
ኮሚቴው ፊት ቆምኩ። ግድግዳው አልደከመም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ፎቁ ይቅር፣ የቀሩት ሦስቱ ግድግዳዎች ይቁሙና ጣሪያው ይታደስ አልኩ። ጫጫታ ሆነ። አንዱ ጂዳ ያሉ ልጆቻችን ገንዘቡን የላኩት ለፎቅ ነው አለ። ሌላው የጎረቤት ከተማ ጨፋ ሮቢት ሊስቅብን ነው አለ። ሁሴን መሬት መሬት ያያል። ሼህ ሙሄ ሁሉንም ሰምተው፣ ይሁን አሉ፣ ሦስቱ ይቁሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። የፈረሰውስ? አሉ።
ላስብበት አልኩ። የተፈለጠ ድንጋይ አይገጠምም።

11 ሰዓት
ወስኛለሁ። የምሥራቁ ግድግዳ ከራሱ ጠጠር፣ በኮንክሪት ይሠራል። አይለሰንም፣ ቀለምም አይቀባም። ልጆቹ ይሄኛው ለምን ተለየ ብለው ሲጠይቁ እኔን ያስጠሩኝ። መጥቼ እነግራቸዋለሁ።