በጓደኛዬ ስም የሰጠሁት ሽንት

ይድረስ ከእናቴ ቀጥላ ጆሮዬን ለቆነጠጠችኝ ለውድ ታላቅ እኅቴ። እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? እናታችን እንዴት ናት፣ ደረጃውን ያለ ደጋፊ ትወጣዋለች? ትንሿ እኅታችንስ ማኩረፏን ተወች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን አንቺን መዋሸት አልሆንልህ አለኝ።

አብሮኝ ይኖር የነበረው ጓደኛዬ፣ ሳቂታው የምለው፣ አገሩ ከገባ ወር ሊሞላው ነው። ፍራሹ ተጠቅልሎ ግድግዳውን ተደግፏል። ከሥራ ስመለስ የሚቀበለኝ የቧንቧው ጠብታ ብቻ ነው። ፋብሪካው ውስጥ የምንታወቀው በቁጥር ነው፤ በስሜ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነበር። ብቸኝነቱ ከብዶኛል፣ እትዬ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ጫማ ካርቶን ውስጥ አሽግ ነበር፤ እሱ ጓዳ በምታክል ክፍል ለብቻው ሶል ያጣብቅ ነበር። የማስቲሹ ሽታ ራስ ያዞራል። ወር በገባ ቁጥር ነርሷ ስሙ የተለጠፈበት ብልቃጥ ትሰጠዋለች። በትንፋሽ የገባው መርዝ በሽንት ውስጥ ምልክት ይተዋል፤ የሚለካው እሱ ነው። ምልክቱ የበዛበት ሰው ከክፍሉ ይወጣል። ሳቂታው ጣቶቹ መደንዘዝ ጀምረው ነበርና መውጣት መባረር መስሎት ፈራ። ሽንትህን አበድረኝ ብሎ ለመነኝ። እኔም ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ብዬ እየሳቅሁ ሞላሁለት። አራት ወር ሙሉ! ሽንት አበዳሪ ወንድም አለኝ ብለሽ ኩሪ።

ውጤቱ ሁልጊዜ ንጹሕ ሆነ። ንጹሕ ስለሆነም የተበላሸውን የአየር ማራገቢያ የሚያስጠግን ጠፋ። አንድ ቀን ጠዋት ሳቂታው የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው፤ እኔ ቆለፍኩለት። በሳምንቱ እግሩ ከድቶት ወደቀ። ሐኪሙ ነርቩ ተጎድቷል አለ። ሻንጣውን ተሸክሜ ሸኘሁት።

አለቃው በእሱ ቦታ ማንን ቢያስገባ ጥሩ ነው? እኔን። የአራቱን ወር የውጤት ወረቀት አሳየኝና አትፍራ፣ ክፍሉ ንጹሕ ነው አለኝ። የገዛ ሽንቴ መሰከረብኝ።

አዲሱ ወር ሲገባ ብልቃጡን ተቀብዬ የገዛ ስሜን አየሁበት። አፍሬም ፈርቼም ለነርሷ ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም አለችና፣ ሳቂታው ሕመሙ ከሥራ የመጣ ነው ብሎ ቢያመለክት እነዚያ ወረቀቶች ሐሰተኛ እንደሚያደርጉት አስረዳችኝ። እኔ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። አራቱም ሽንት የእኔ ነው ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። የራሴ ውጤትም ከፍ ብሎ መጣ፤ ክፍሉ ተዘጋ። ስላታለልኩ ያባርሩኝ እንደሆነ ገና አልነገሩኝም።

ለሳቂታው ደወልኩለት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የለመንኩህ እኔ ነኝ አለኝ። ስልኩን እናቱ ይዛለት ነበር፤ ጣቶቹ አይጨብጡም። አንድ ጊዜ እንኳ አልሳቀም።

እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ የሽንቱን ነገር ቀስ ብለሽ ንገሪያት። ባልሽን ለሬዲዮው ጥገና አመስግኚልኝ። ልጆችሽን ግንባራቸውን ሳሚልኝ። ትንሿን እኅታችንን፣ ምናልባት በቅርቡ ልመጣ እችላለሁ በያት። አልጋዬን ወስዳው ከሆነ አታስለቅቂያት። መሬት እተኛለሁ፤ ብቻ ሌላ ሰው የሚተነፍስበት ክፍል ይሁን።

ወንድምሽ
ሁለት አልጋ ካለበት ክፍል፣ እሑድ፣ ኅዳር ፲፱ ቀን